በሲሚንቶ የታፈነው ደወል

ከአምበር ወጣ ብሎ ላለ ደብር የጠረብኩት የድንጋይ ደወል አልጮህ አለ ተብሎ አገር ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ሥራ ሊሰጡኝ የተስማሙ ሁለት ደብሮች ቀሩብኝ። የእኔ የሆነውን ጥፋት እናገራለሁ፤ ያልሆነውን ግን አልሸከምም።

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ስለ ድምፅ የማውቀውን ያገኘሁት ከጆሮዬና ትልቋ ልጄ ተምራበት ከተወችው የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ድምፅ ሁሉ ከንዝረት ይወለዳል ይላል። ድንጋይም ቢሆን ካልነዘረ አይጮህም።

የድሮው ደወል ስለተሰነጠቀ ምትኩን ከወንዝ ዳር ጥቁር ድንጋይ አውጥቼ ረጅምና ስስ አድርጌ ጠረብኩ። ሁለት የሣር ጥቅል ላይ አጋድሜ ደቃቅ አሸዋ ነሰነስኩበትና መሃሉን ቀስ እያልኩ ደጋግሜ መታሁት። አሸዋው እየዘለለ ሸሸና ከየጫፉ ሩብ ያህል ገባ ብሎ በሁለት መስመር ተሰበሰበ። ድንጋዩ የማይነዝረው እዚያ ነው። ገመድ መታሰር ያለበትም እዚያ ስለሆነ በከሰል ምልክት አደረግሁ።

አንዱ ጫፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ ስላየሁ አንድ ስንዝር ቆረጥኩለትና ምልክቱን እንደገና በአሸዋ አስተካከልኩ። ልጄ አሁን ደብረ ማርቆስ መምህርት ናት፤ ለበዓል መጥታ ታየኝ ነበር።

«አባዬ፣ ሲያጥር እኮ ንዝረቱ ይፈጥናል። ድምፁ ይቀጥንብሃል» አለችኝ።

«በዚህ መዶሻ ነው ያሳደግሁሽ። አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ድንጋዩን አስረክቤ፣ አሰቃቀሉን ነግሬ፣ ለሌላ ሥራ ወደ አማኑኤል ከተማ ሄድኩ። ስመለስ የደብሩ ሰዎች ሁለት ዓምድ ገንብተው፣ የደወሉን ሁለቱንም ጫፍ በሲሚንቶ ቀብረውታል። ቢመቱት እንደ ግድግዳ «ዱ» ብሎ ይቀራል።

የሰበካው ሊቀመንበር ሕዝብ ፊት አቆመኝ።

«ሳትጾም ጠርበኸው ነው ድምፅ የነሣን።»

«ጾሜን የንስሐ አባቴ ይጠይቀኝ። አንተ ሲሚንቶው ከየት እንደመጣ ንገረኝ።»

«የተባረከ ዕቃ ነው! እንዳይወድቅ አክብረን አጸናነው። እንደ በግ ሥጋ በጠፍር እናንጠልጥለው?»

«አዎ! እንደ በግ ሥጋ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው የሚያከብረውን ነገር አጥብቆ ይዞ ሲገድለው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ግን በጭንቀት አዩኝ። «ልጄ፣ የተባረከን ነገር በመሮ እንፈነቅላለን?»

«የኔታ፣ ከበሮ ሲመቱ ሌላው እጅዎ ቆዳው ላይ ቢያርፍ ድምፁ ምን ይሆናል?»

«ይሞታል።»

«ሲሚንቶው ከላዩ የማይነሣ እጅ ነው። ተፈንቅሎ ካልጮኸ መዶሻዬን እዚሁ ጥዬ እሄዳለሁ፤ ሁለተኛም ድንጋይ አልነካም።»

የኔታ «ፈንቅል» አሉ።

ማንም አላገዘኝም። ሲሚንቶውን በመሮ ስቀርፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ መዳፌ ደማ። ከዚያ በከሰሉ ምልክት ላይ ጠፍር አስሬ በዓምዶቹ መካከል ካጋደምኩት ወራጅ ላይ ሰቀልኩት። የኔታ ጠጠር አንሥተው መቱት።

ጮኸ። ከወንዝ ውኃ ቀድተው የሚወጡ ሴቶች ቆመው ወደ ላይ አዩ። የኔታ አማተቡ።

«ቀጥኗል! የአባቶቻችን ደወል ወፍራም ነበር» አለ ሊቀመንበሩ።

«አዎ፣ ቀጥኗል» አልኩ። «ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ነግራኝ አልሰማኋትም፤ ድንጋይ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ሲሚንቶው ግን የእናንተ ነው። የእኔን ተናግሬያለሁ፤ የእናንተን ተናገሩ።»

ሊቀመንበሩ ጀርባውን ሰጠኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

አሁን ገበያ ላይ ሲያዩኝ «ቀጭን ደወል መጣ» ይላሉ። ይበሉ። እሑድ ጧት ከመኝታቸው የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው።