ብዙነህ የነቀለው ጣራ

ግንበኛው ብዙነህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኩራቱ ግን ከቁመቱ ይበልጥ ነበር። አምቦ ቀይ አፈር ላይ በድንጋይ የሠራቸው ቤቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ጣሊያን በወጣ በሃያ ዓመቱ ግድም፣ የእህል ነጋዴዋ ናፊሳ ጊንጪ ላይ የድንጋይ ቤት እንዲሠራላት ስታስመጣው ያንኑ የአምቦውን መሠረት ይዞ መጣ፤ ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ።

የጊንጪ መሬት ግን ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ዶማ ይመልሳል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የተሸከመውን ቤት አንዱን ጥግ ያነሳል፣ ሌላውን ያሰምጣል። የኛ የእንጨትና የጭቃ ቤት ቢወዛወዝም ይችለዋል፤ ቢሰነጠቅ እንመርገዋለን። ድንጋይ መቼ መታጠፍ ያውቃል? ብዙነህ የቆፈረው በሚያዝያ ነበር። ዶማው ሲነጥር አይቶ፣ «ይህ መሬት ቤተ መንግሥት ይሸከማል!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሐምሌ ላይ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ብዙነህ ለሰነው። ልስኑም ተሰነጠቀ። «ልስኑ ነው እንጂ ግድግዳው ደህና ነው» እያለ ደግሞ ለሰነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝና ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳ ሥር የናፊሳ ልጅ ሹኩሪያ ከነጨቅላዋ ተኝታለች። አራስ ናት።

አንድ ጠዋት ብዙነህ በዝናብ መጣና እጁን ስንጥቁ ውስጥ ሰደደ። መዳፉ ገባ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እትዬ ናፊሳ፣ ሹኩሪያን ያውጧት፤ ግድግዳው ሊወድቅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መሬቱን አላወቅሁትም።»

ናፊሳ በሩን ዘግታ ቆመች። «አርባዋ ሳይሞላ አራስ ከቤት አትወጣም! ብርድ ሊመታት ነው? ደህና ነው ስትለኝ የከረምከው አንተ አይደለህ?»

ብዙነህ መሰላሉን አንስቶ ጣራው ላይ ወጣና ቆርቆሮውን ይነቅል ጀመር። ከእግሩ ሥር ግድግዳው ይንጣጣል። ናፊሳ ከታች ትረግመዋለች። እኔም አብዷል ብዬ ነበር። ዝናቡ አራሷ አልጋ ላይ ሲወርድ ግን ብዙነህ ጮኸ፦

«ይኸው፣ ቤት የለም! አሁን ያውጧት!»

እናትና ልጅን በጋቢ ጠቅልለን እኔ ቤት አስገባናቸው። ብዙነህ ከመሰላሉ እንደወረደ ግድግዳው አልጋው ላይ ተደረመሰ። ናፊሳ መርገሟን አቋርጣ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

በጥር ቤቱ እንደ አዲስ ሲጀመር ናፊሳ ሌላ ግንበኛ አልፈለገችም። ብዙነህ ዋልካውን እየቆፈረ እያወጣ ከሥሩ ያለውን ደረቅ ድንጋይ ፍለጋ ወረደ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ባርኔጣው ብቻ ይታይ ነበር። ናፊሳ የልጅ ልጇን አዝላ መጣች።

«አይበቃም?»

«ገና ነው» አለ። ከሱ አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀና ብሎ ሕፃኑን አየና፣ «አልጋው በየት በኩል ነው የሚሆነው?» ሲል ጠየቃት።

በጣቷ አሳየችው። እዚያ ጋ ሲቆፍር አመሸ።