አልራበኝም

ያኔ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አፓርትመንት ውስጥ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ሥራዬ እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነው። ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደረጃውን ለመውጣት ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ እጎተታለሁ። ሐኪሜም ስኳር ሊጀምረኝ ምንም እንዳልቀረው ነግሮኝ ክብደት ቀንሺ ብሎኛል። በእግሬ ሄድኩ፣ እራት ተውኩ፤ አልቀነስኩም። ሁዳዴ እንኳ አቅልሎኝ አያውቅም፤ ዳቦውና ድንቹ ይብስብኛል።

አብራኝ የምታሽግ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። እሷ ናት ነገሩን ያመጣችው።

«ክሊኒክ ምን ያመላልስሻል? ኦንላይን አፕላይ አድርጊ። የሚያከሳውን ኪኒን ቤትሽ ድረስ ይልኩልሻል» አለችኝና የሁለት ድርጅት አድራሻ በስልኬ ላከችልኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሁለቱን እያፈራረቅኩ አየሁ። አንደኛው ጥቂት ጥያቄ ያስመልስና ኪኒኑን ይልካል፤ ማንም አያናግርሽም። ሁለተኛው ደም ተመርመሪ፣ የልብ ምትሽን ተለኪ፣ ከዶክተር ጋር በቪዲዮ ተነጋገሪ ይላል። እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ስክሪኑ ላይ የአንዲት ሴት ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ነበር።

«እሰይ!» አለች። «መድኃኒቱ እንዴት አድርጎ መልሷታል!»

ጣቷ ያረፈው ወፍራሟ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ማንበብ አትችልም። ቀጭኗን ታማሚ፣ ወፍራሟን የዳነች አድርጋ ነበር ያየቻት። ሳቄ መጣ።

«እማዬ፣ ተገላቢጦሽ ነው። በፊት እንዲህ ነበረች፤ ኪኒኑን ወስዳ ነው እንዲህ የሆነችው።»

እናቴ አልሳቀችም። ጣቷን ቀስ ብላ ወደ ቀጭኗ አሻገረችው።

«አንቺ ወደዚህኛዋ ነው የምትሄጂው?»

«አዎ።»

ነጠላዋን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ታላቅ እህት ነበረችኝ። በድርቁ ጊዜ ሱዳን ስንሰደድ እኔ ገና የምታዘል ልጅ ስለነበርኩ አላስታውሳትም። እዚያው መጠለያ ውስጥ ሞተች። ስሟን ባውቀውም ቤታችን ውስጥ አይጠራም፤ ፎቶዋም የለንም። ስጠይቅ «ታማ ነው» ከመባል ሌላ የሰማሁት የለም።

የመጀመሪያውን መረጥኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ የማላውቀው ሰው ፊት ለፊት እያየኝ፣ ክብደቴን መናገር አሳፍሮኝ ነው። ኪኒኑ በፖስታ መጣ፤ ሠራም። ረሃብ የሚባለው ነገር ከሰውነቴ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ምሳቸውን ሲያሞቁ ሽታው ከካርቶኑ ሽታ አይለይብኝም። አፌ ይደርቃል፣ ልቤ ተቀምጬ እንኳ ይደልቃል። ሱሪዬ ሲሰፋ ግን ደስ አለኝ።

ቤት ስመለስ እናቴ ምግብ ታቀርባለች።

«አልራበኝም፣ እማዬ።»

ሳህኑን ትከድነዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። እያደር ፊቴን ማየት ተወች፤ ስታናግረኝ መስኮቱን ወይም እጄን ነው የምታየው። ከሥራ መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ስል ድምፅ ሳታሰማ መጥታ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር ትይዛለች። ትንፋሼን ነበር የምትፈልገው። እኔ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን እንደጨፈንኩ እቆያለሁ፤ መዳፏ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ገላዬን ታጥቤ ፀጉሬን ወደኋላ ጠቅልዬ ወጣሁ። ፊቴ ከስቶ ጉንጬ ውስጥ ያለው አጥንት መታየት ጀምሮ ነበር። እናቴ ኮሪደሩ ላይ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ስትመጣ ተገጣጠምን። ልብሱ ከእጇ ወደቀ። አንድ ስም ጠራች።

የእህቴ ስም ነው።

እኔም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «አቤት» አልኩ።

የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ከኋላዬ ይወጣል። ክንዷን ይዤ ወጥ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳት። ውኃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ።

«መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር» አለች። «ራበኝ እያለች። ኋላ ግን ያለችውን ቁራሽ ስሰጣት፣ አልራበኝም፣ አለችኝ። በማግስቱም እንደዚያው። እኔ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ረሃቡን አነሳላት አልኩ። ድርሻዋን ለአንቺ ሰጠሁሽ። መሄዷ መሆኑን ማን ነግሮኝ?»

ብርጭቆውን ወደ እሷ አስጠጋሁላት።

«አንቺ ደግሞ እዚህ፣ ፍሪጁ ሞልቶ፣ ያንኑ ቃል ትይኛለሽ። ፊትሽም የሷን መሰለ። ቤቴ ውስጥ የምትዞረው የትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ።»

እሷን ደስ ለማሰኘት የከደነችውን ሳህን ገልጬ ጎረስኩ። ጨርቅ የማኝክ ያህል ነበር፤ አልወርድ አለኝ። እናቴ ጉሮሮዬን ታያለች። ከነገረችኝ ሁሉ ይበልጥ ያን ጊዜ ፈራሁ።

ኪኒኑን የዚያኑ ዕለት ተውኩት። ለጥቂት ቀናት ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ምናልባት አይመለስም ብዬ ተጨነቅኩ። ከዚያ አንድ ቀን ዌርሃውስ ውስጥ ያቺ የአዲስ አበባ ልጅ ምሳዋን ስትከፍት ሆዴ ጮኸ። እንባዬ መጣ። ግማሹን አካፈለችኝና፣ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ ራበኝ» አልኳት።

የጉልበቴ ሕመም ግን ያው ነው፤ ስኳሩም አልራቀም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ድርጅት ተመለስኩ። ደም ተመረመርኩ፣ የልብ ምቴን ተለካሁ። የቪዲዮው ቀን እናቴ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ዶክተሯ ጎልማሳ ሴት ነች። ቀደም ሲል ምን እንደወሰድኩ ስነግራት ፊቷ ጠቆር አለ፤ ልቤ እንዲያ እየመታ መቀጠል እንዳልነበረብኝ ነገረችኝ። ስለምትጽፍልኝ መድኃኒት ማስረዳት ስትጀምር እናቴ ጭኔን ነካ አደረገችኝ።

«ጠይቂልኝ። ይህን ስትወስድ ይርባታል?»

ተረጎምኩላት። ዶክተሯ እናቴን አየቻት።

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ተቃራኒውን ነው» አለች። «አዎ፣ በምግብ ሰዓቷ ይርባታል። ጨርሶ ካልራባት ቶሎ ትደውልልኝ።»

ለእናቴ ነገርኳት።

«እንግዲያው ትውሰድ» አለች።

ክብደቴ በዝግታ ቀነሰ፤ የቀነሰው ሁሉ ደግሞ አልጸናም። ደረጃውን ግን ብረቱን ሳልይዝ መውጣት ቻልኩ። እናቴ ፊቴን ማየት ጀመረች፤ አንዳንዴ አተኩራ ታየኝና ድንገት ዓይኗን ትነቅላለች። መስታወት ፊት ስቆም እኔም እንደ እናቴ አደርጋለሁ። ከእህቴ ያየሁት ነገር ቢኖር ኪኒኑን ስወስድ ለጥቂት ሳምንት የነበረኝ ፊት ነው።

እናቴ ስለ እሷ ማውራት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያውም ባላሰብኩት ሰዓት፣ አንድ አንድ ነገር ብቻ። በክረምቱ መጨረሻ ዲኬተር ያለ ቢሮ ለወረቀት ጉዳይ ይዣት ሄጄ ፓርክ ሳደርግ፣ የጠየቃት ሰው ሳይኖር፣

«እህትሽ ግራኝ ነበረች» አለች። «በግራዋ ስትጎርስ አባትሽ ይቆጣት ነበር።»

ሞተሩን አጥፍቼ እጄን መሪው ላይ እንዳደረግኩ ጠበቅኩ። ሌላ ትጨምራለች ብዬ ነው። ከፊታችን አንድ ሰውዬ ውሻውን እየጎተተ አለፈ። እናቴ ቀበቶዋን ፈታችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ነይ ውረጂ» አለችኝ። «ቢሮው ይዘጋብናል።»