ገጽ አርባ ላይ የሞተችው ሴት

በሕይወት ያለች ሴት እንደሞተች ተደርጎ በመጽሐፍ ታተመ። በዚህ የተነሳ ከሥራ የተባረረችው የኮምፒውተር ጸሐፊያችን ናት። አርታኢዋ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ቀረሁ። በደሉ ይህ ነው፤ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ሳያየው በፊት ለማተሚያ ቤታችን ባለቤት እሰጠዋለሁ። አንብቦ ሲጨርስ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። እፈራለሁ።

ፍርሃት ለእኔ አዲስ አይደለም። ፒያሳ ወዳለው ማተሚያ ቤት የገባሁት በጠራዥነት ነው፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምሰፋውን ወረቀት እያነበብኩ ስህተት ሳገኝ ለያኔው ባለቤት፣ ለዛሬው ባለቤት አባት አሳያቸው ነበር። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ቆይተው ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። በዚያ እስክሪብቶ ልጆቼን አሳደግሁ፣ የልጅ ልጅም አየሁበት። ቢሆንም ዲግሪ የጫነ ደራሲ በበሩ በገባ ቁጥር እፈራ ነበር።

«የኔን ጽሑፍ የሚያርሙት እርስዎ ነዎት? የት ነው የተማሩት?» ይሉኛል።

«እዚሁ፤ እናንተ ስትሳሳቱ እያየሁ» እላቸዋለሁ።

አፌ አይፈራም። የምፈራው በልቤ ነው።

በሥራው ላይ ያቆየኝ አንድ ሕግ ነው፤ ደራሲው ያላለውን አልጨምርም። የጎደለ ነገር ካለ በኅዳጉ ላይ እጠይቃለሁ እንጂ ከራሴ ቃል አላስገባም። ጸሐፊዋንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። «የሰው መጽሐፍ የሰው ቤት ነው፤ ገብተሽ ዕቃ አታዟዙሪ» እላት ነበር።

ያ መጽሐፍ የአንድ ሽማግሌ የሰፈር ትዝታ ነው። በእጅ የተጻፈ ነበርና ጽሕፈታቸውን ከእኔ በቀር የሚያነበው ጠፋ። ስለዚህ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ትተይባለች። አፍንጮ በር የኖሩ ሰዎች ስም በየገጹ ነበረ። እኔም እዚያው ስለኖርኩ አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹም አርፈዋል። ተተይቦ ሲያልቅ ወረቀቱን አንድ በአንድ አይቼ በየገጹ ግርጌ ፈረምኩ።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። አነሳሁት።

«ነፍሴን የማራችሁት እናንተ ናችሁ?» አለች አንዲት ሴት።

«ማን ልበል?»

«ሟቿ ነኛ። ገጽ አርባ ላይ ሞቻለሁ። ድንኳኑን ልጆቼ ይጣሉ ወይስ እናንተ ትጥሉልኛላችሁ?»

ድሮ አፍንጮ በር ልብስ ትሰፋ የነበረችው ሴት ናት። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ከተበታተነ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። ስትቀልድ ቆየችና ድምፅዋ ወረደ። «እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ ስምን እዚያ ቦታ ማየት ያስፈራል» አለችኝ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደጠየቅኋት ዛሬ ትዝ አይለኝም።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ከስሟ ቀጥሎ «ነፍሷን ይማር» ይላል። የሽማግሌውን የእጅ ጽሑፍ አወጣሁ፤ እዚያ የለም። ያረምኩትን ወረቀት አወጣሁ፤ እዚያ አለ፣ ከሥሩም ፊርማዬ። የግራ ዓይኔን ሞራ እየጋረደው መሆኑን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ባለቤቱ ጸሐፊዋን ጠራት።

«ከየት አመጣሽው?»

እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጫማዋን አየች።

«ከራስሽ ነው የጨመርሽው?»

አሁንም ዝም። በዚያው ቀን አሰናበታት።

«ፊርማው የኔ ነው። እኔስ?» አልኩት እሷ ከወጣች በኋላ።

«እማማ፣ እርስዎ የአባቴ ሰው ነዎት። ደግሞስ የጨመረችው እሷ አይደለች?»

«ዝም ስላለች አምናለች ማለት ነው? ሁለት ሰው ያሳለፈውን ጥፋት ለአንድ ሰው አታሸክምም።»

«ታዲያ እርስዎም ይሂዱ ልበል?»

እዚህ ላይ አፌ ተሳሰረ። ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ተሳሰረ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ዓይን፣ በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ሌላ ማን በሩን ይከፍትልኛል? ሦስት ቀን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ አንድ መስመር ሳላርም ዋልኩ። ያየሁትን ቃል ሁሉ ማመን አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ልፈልጋት ወጣሁ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እንደምትተይብ ሰምቼ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ቆምኩ። ከራሴ ጨመርኩ ካለችኝ ፍርዱ ፍርድ ነው። ካላለችኝ ግን ተመልሼ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

«እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?» ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

«አልቀመጥም። ያስተማርኩሽን ሕግ ታውቂዋለሽ። ያን ቃል ከየት አመጣሽው?»

«ይተዉት።»

«አልተወውም።»

ማመልከቻ የሚያስጽፈውን ሰውዬ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲያነቡልኝ የሞተ ሰው ስም በመጣ ቁጥር ነፍሱን ይማር ይሉ ነበር። ፈጠን አድርገው ስለሚሉት ከራስዎ መሆኑን አውቄ እዘለው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ላይ ሲደርሱ ግን ቀስ ብለው፣ እንደሚያነቡት አድርገው አሉት። የመጽሐፉ መሰለኝ።»

ተቀመጥኩ። ያቺ ሴት ሞታለች ያለኝ ማንም አልነበረም። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሳላያት ስቀር በልቤ ቀብሬአት ኖሯል። ወረቀቱ ላይ ያለፈኝም ዓይኔ ደክሞ አልነበረም፤ የገዛ ቃሌ ስለሆነ ስህተት አልመሰለኝም።

«ታዲያ ሲጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

ጣቶቿ ወደ ማመልከቻው ተመለሱ።

«እኔ የትም እተይባለሁ፤ እርስዎን ማን ይቀጥራል ብዬ ነዋ» አለችኝ።