አጥቂያችን ኳሷን ተከትሎ ገደል ወረደ

ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ የደባርቅ ሰፈራችን ቡድን አጥቂ ማሩ ገደል ወረደ። በገዛ እግሩ!

ሜዳችን ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ ሕጉ «የለጋ ያምጣ» ነው። ማሩ ደግሞ ዘንድሮ ከመረቡ ይልቅ ገደሉን ነው የሚያገኘው።

ወርዶ መውጣት ሲያቅተው ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ ደጋፊ «ለቡድኑ ነፍሱን ሰጠ!» አለ። ግማሹ «ኳስ ሲያሳድድ ገና ዛሬ አየነው» አለ።

ከልምምድ ቀርተው የማያውቁት መሪጌታ ግን «ልጆቼ፣ መጀመሪያ እናውጣው፤ ከዚያ ትነቅፉታላችሁ» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ። ጋቢ ከጋቢ ቋጥረን ጎተትነው።

ማሩ ጉልበቱ ተልጦ፣ አፈር መስሎ ብቅ ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ኳሷስ?» አልነው።

መሪጌታም ጭምር።

እናንተ ሰፈርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ማን ነው? ብቻችንን እንዳናፍር እስኪ ንገሩን።