ጥሩምባ የገጠመው ግጥም

እውነተኛ ስሙን የሚጠሩት እናቱና እህቱ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ጥሩምባ ነው። ሥራው ጎማ መጠገን ሲሆን ከድልድዩ ወዲህ፣ መኪኖች ዳገቱን ጨርሰው በሚያርፉበት ጥግ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ክሪክና ውሃ የሞላ ሳፋ ይዞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ተቀምጧል። ጎማውን ሳፋው ውስጥ እያገላበጠ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ሲፈልግ ያንጎራጉራል፤ ድምፁም ከኮምፕሬሰሩ ጩኸት በላይ ይሰማል።

እሁድ ሲመጣ ግን ጥሩምባ ቀዮቹ የሚባሉት የሰፈሩ ኳስ ቡድን አስጨፋሪ ነው። አጥሩ ላይ ይወጣና ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሕዝቡ ይሰጣል። ለቡድኑ ያን ያህል ዓመት ሲጮህ አንድም ጨዋታ በወጉ አላየም። ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሰዉ ፊት ነው። ሚስቱ አንድ ጊዜ፣ ወይ እኔን ወይ ኳሱን ምረጥ ብላው ነበር አሉ፤ እሱ እያሰበበት ሳለ ዕቃዋን ጭና ጨርሳለች።

ትልቁ ስጦታው ግጥም ነው። አስቦ ሳይሆን እዚያው አጥሩ ላይ፣ አፉ እንዳመጣለት ይገጥማል። ቀዮቹ ከሰማያዊዎቹ ጋር በተጫወቱበት በዚያ እሁድም እንዲሁ አፉ አመጣለት፦

ሰማያዊ ለብሶ ሰማይ ነኝ ላለ ሰው፣
በድንጋይ ዝናብ ነው ዛሬ የምናርሰው።

ሰዉ አበደ። ያንኑ ሁለት መስመር እስከ ጨዋታው ማብቂያ ድረስ አስደገሙት። ቀዮቹ በመጨረሻዋ ደቂቃ ተሸነፉ፤ ሕዝቡም ግጥሙን እየዘፈነ ወጣ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ዘነበ።

የእህቱ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው፤ ግን ከሰው ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስካርፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ድንጋዩ ግራ ዓይኑን አገኘው። የወረወረው ግንቡ የሚሉት የቀዮቹ ጎረምሶች አለቃ፣ ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ በጫኝነት የሚሠራ ሰው ነው። ጥሩምባ አጠገቡ ስለነበር ክንዱ ሲነሣ አይቷል። ማን እንደተመታ ግን ያወቀው እህቱ ስትደውልለት ነው። ዓይኑ እንደማይተርፍ ሐኪሞቹ ነግረዋት ነበር።

ሆስፒታሉ ያለው ከድልድዩ ማዶ፣ በሰማያዊዎቹ ሰፈር ነው። የእህቱም ቤት እዚያ ነው፤ እናታቸውም የምትኖረው ከእሷ ጋር ነው። ጥሩምባ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር እህቱ እንደገና ደወለች። አጥሩ ላይ ሆኖ ሲዘፍን የሚያሳየው ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ መሆኑን፣ ድልድዩ አፍ ላይም የሚጠብቁት ሰዎች መኖራቸውን ነገረችው። ለእሱም ለእሷም ሲባል እንዳይመጣ ለመነችው። ጫማውን መልሶ ፈታ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ሁለት መስመር ግጥም መንገዱን ዘጋበት።

በነጋታው ግንቡ ወንበር ይዞ ሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። እንጠብቅህ ብለን ነው አለ። ሲሚንቶ የሚጫንበት ሰዓት እስኪደርስ አይነሣም፤ እሱ ሲነሣ ሌላው ይተካዋል። ደንበኞችም እነዚያን ጎረምሶች እያዩ ጎማቸው እንደተነፈሰ ማለፍን መረጡ። ፖሊሶች መጥተው ጥሩምባን ሲጠይቁ ግንቡ እዚያው ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ጥሩምባ አላየሁም አለ።

ከዚያ በኋላ ማስጨፈሩን እንደሚተው ለግንቡ ነገረው። ግንቡ አልተቆጣም። የተፈታ ጎማ በእግሩ ወዲያና ወዲህ እያንከባለለ፣

«አንተ ገጠምክ፣ እኔ ወረወርኩ። ከዚህ ወዲያ መለያየት የለም» አለው።

በሚቀጥለው ጨዋታ አጅበው ወሰዱት። አጥሩ ላይ ወጣ። አንድ የቆየ፣ ማንንም የማይነካ የማሞገሻ ግጥም ጀመረ፤ የተቀበለው ጥቂት ሰው ነው። ከላይኛው መቀመጫ ግን ያ የድንጋዩ ግጥም ተነሣና እንደ ጎርፍ ወደ ታች ወረደ። ጥሩምባ ተዉ ለማለት ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ሰዉ ግን ጨምሩ ያለ መሰለው። እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ድምፁ በረታ። በመጨረሻ እጆቹን አወረደ፤ ዘፈኑ ያለ እሱም ቀጠለ። ያን ቀን ጎል ገብቶ እንደሆነ እንኳ ከሰዉ ፊት ማንበብ አልቻለም።

ሰኞ ጠዋት ግንቡ ሲሚንቶ ሊጭን እንደሄደ፣ ለተተካው ጎረምሳ ማጣበቂያ ልገዛ ነው ብሎ ወጣና ፖሊስ ጣቢያ ገባ። መርማሪው ያኔ አላየሁም ያልከውን ዛሬ ከየት አመጣኸው ብሎ ጠየቀው።

«ያኔም አይቻለሁ» አለ ጥሩምባ። «ፍርሃቱ እንደሆነ ዛሬም አልለቀቀኝም።»

ግንቡ ታሠረ፤ በኋላም ተፈረደበት። ጥሩምባ ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነበት። ቀዮቹ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ቆራርጠው በሩ ላይ በቀይ ቀለም ከሃዲ ብለው ጻፉበት። ሰማያዊዎቹም ቢሆኑ ይቅር አላሉትም። ለእነሱ የወረወረው እጅ ታሠረ እንጂ ያዘዘው አፍ በደኅና ውሎ እየገባ ነው። ወዲህ ማዶ ከሃዲ፣ ወዲያ ማዶ ጠላት ሆነ።

እህቱ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። እናታቸው ልጄ የት ጠፋ እያለች አስቸግራት ነበር። ድልድዩ ግማሽ ላይ ቆማ ጠበቀችውና ክንዱን ይዛ በእነዚያ በሚጠብቁት ሰዎች መሃል አሳለፈችው። የማን ሚስት እንደሆነች ስለሚያውቁ መንገድ ለቀቁላቸው። ጥሩምባ እስከ ቤቷ በር ድረስ ከመሬት ቀና አላለም።

አማቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ የተበላሸ ካውያ ይፈታታ ነበር። በአንድ ዓይን ብሎን መፍታት ገና አልለመደም፤ መፍቻው ይስታል። ጥሩምባ ይቅርታ ሊጠይቅ መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት። አማቹ ራሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ማን እንደወረወረው አላየሁም። ድምፅህን ግን ሰምቻለሁ። እንዲያውም ከመመታቴ በፊት፣ የኛ አማች ዛሬ ጎበዝ ነው፣ ብዬ ስቄ ነበር።»

አማቹ መፍቻውን አንሥቶ ወደ ካውያው ተመለሰ።

አሁን ጥሩምባ ከከተማው ዳር ባለ የአውቶቡስ ድርጅት ጎማ ጠጋኝ ነው። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው። በሠራተኞች መኪና ይገባል፤ በሠራተኞች መኪና ይወጣል። እሁድ ማንም የማይፈልገውን ተራ እሱ ለምኖ ይወስዳል። ግጥሙ ግን አልሞተም። ሰማያዊዎቹም ቀለሙን ቀይረው የራሳቸው አድርገውታል። አንድ ቀን የመኪናው ሹፌር መሪውን በጣቱ እየደበደበ ያንጎራጉረው ነበር፤ ማን እንደገጠመው አያውቅም። ጥሩምባ መውረጃው እስኪደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ተቀመጠ።

እናቱን የሚያየው እህቱ ድልድዩ ድረስ መጥታ ስትወስደው ብቻ ነው። ለእናቲቱ እውነቱን የነገራት የለም። አማቿ ሥራ ላይ እንደተጎዳ ነው የምታውቀው። ባለፈው ሲሄድ ከአልጋዋ ቀና ብላ ወቀሰችው።

«ይሄን የሚያህል ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን እጅህን ተይዘህ ነው የምትመጣው? ብቻህን ብትመጣ ምን ይይዝሃል?»

«መንገዱ እየጠፋኝ ነው፣ እማዬ» አላት።

አማቹ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጥሩምባን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ወደ ሳሎን ተመለሰ።