ከምንጩ በላይ ችካል አልተክልም

በደርግ ጊዜ ከሐረር ወደ ድሬ ጠያራ መንደሮች የሚወርድ መንገድ ሲሠራ ቀያሽ ነበርኩ፤ ዶዘር የሚቆርጠው እኔ ችካል በተከልኩበት መስመር ነው። የሥራው ኃላፊ ለአብዮት በዓል እናስመርቃለን ብለው ቃል ስለገቡ፣ ዶዘሩ ተራራውን እየገመሰ አፈሩንም ቋጥኙንም ቁልቁል ይገፋዋል። ቶሎ የሚያልቀው እንደዚያ ነው። ከሥሩ ግን የገበሬዎቹ እርከን፣ ቡናቸውና ጫታቸው አለ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ።

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ገበሬ ናዳ የሰበረው የቡና ቅርንጫፍ ይዘው ወደ እኔ ወጡ።

«ልጄ፣ ወላሂ መንገድ ጠልተን አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ነው የኖርነው። ግን ውኃችንን ቀብራችሁ መንገድ ብትሰጡን ምን ይሠራልናል?»

«አዴ፣ ምንጩ አይቀበርም» አልኳቸው። ማንን ተማምኜ እንዳልኩ እንጃ።

ወደ ኃላፊው ሄድኩ። የተራራው ቆረጣ ይጥበብ፣ በታች በኩል የድንጋይ ካብ ይሠራ፣ ትርፍ አፈሩ በገልባጭ መኪና ይውጣ አልኩ። ሳቁብኝ።

«የጓሮ አትክልት መሰለሽ? ጓድ፣ አብዮቱን ወደ ኋላ እየጎተትሽ መሆኑ ይገባሻል?»

በዚያን ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ቤቱ ላይመለስ ይችል ነበር። ይህን እያወቅሁ መለስኩላቸው።

«ከምንጩ በላይ ችካል አልተክልም። ሌላ ሰው ያምጡ።»

ተመልሼ የተከልኳቸውንም ነቀልኳቸው። የዶዘሩ ሹፌር አየኝና ሞተሩን አጠፋ። «ችካል ከሌለ በየት ልንዳ?» ብሎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በአካባቢው ሌላ ቀያሽ አልነበረም። ኃላፊው ሲጮሁ ውለው በመጨረሻ፣ «ከምንጩ በላይ ያለውን እንደፈለግሽ ሥሪው። ቢናድ ግን በራስሽ ትጠየቂያለሽ» አሉ።

የጀጎልን ግንብ የሚጠግኑ ግንበኞች አስመጣሁ። የመንደሩ ሰው ድንጋይ አቀረበ፤ ሴቶቹ አፈሩን እንዲይዙ ከካቡ ሥር ሣርና ቃጫ ተከሉ። በመጀመሪያው ዝናብ አንዱ ካብ ሆዱ ተነፋ።

«አላልኩም ነበር?» አሉ ኃላፊው።

«ካብ ይጠገናል» አልኩና አፍርሰን እንደገና ካብነው።

መንገዱ ለበዓሉ አልደረሰም። እኔም ሐረር ቢሮ ውስጥ እንድቀመጥ ተደረገ። ቀሪውን ከሌላ ቦታ የመጣ ቀያሽ ችካል ተክሎለት ዶዘሩ እንደ ልማዱ ገፋው፤ በቀጣዩ ክረምት እዚያው ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘጋ። አፈሩ የቀበራቸው የገበሬዎቹ እርከኖች አልተመለሱም። ምንጩ ግን ይፈስሳል።

በስብሰባ ላይ መንገዱን አዘግይተሻል፣ ጥፋትሽን አምነሽ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ብድግ አልኩና፣ «ሄዳችሁ ካቡንም ናዳውንም እዩ» ብያቸው ተቀመጥኩ።