ለኤንትሬዋ የተለመነ ውሃ

ጀይሉ እንድሪስ የጨፋ ሮቢት ሰው ነው። መኪና መንዳት የለመደው ለአንድ የከሚሴ ነጋዴ ማሽላ ወደ ደሴ ሲያመላልስ ነበር። ደርግ የነጋዴውን ንብረት ሲወርስ ኤንትሬ የተባለችው የጭነት መኪናም እሱም አብረው ወደ መንግሥት ተዛወሩ። መኪናዋ ያኔም አርጅታ ነበር፤ እሱ ግን ድምፅዋን ሰምቶ የጎደላትን ያውቅ ነበርና ሌላ ሹፌር አልነካትም።

በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ ራዲያተሩ ውስጥ አንቲፍሪዝ የሚጨምር ሹፌር አልነበረም። ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል በብርድ እንዳይረጋ፣ በሙቀት ቶሎ እንዳይፈላ፣ ብረቱም እንዳይዝግ እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ግን ከየት ይገኛል? ስለዚህ ሁሉም ከቦርከና ወንዝ እየቀዳ ይጨምራል። ቆላ ለቆላ ለሚሄድ ሰው ችግሩ አይታይም፤ ቢፈላ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። ደለሉና ዝገቱ በሞተሩ ውስጥ እየተጠራቀመ መሄዱን ግን ማንም አያይም።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጀይሉ ከናዝሬት የእርዳታ በቆሎ ጭኖ እንዲመጣ ታዘዘ። የጨፋ ማሽላ ሳያፈራ ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው በየበሩ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። የገዛ እህቱ ኡምኩልሱም ልጆቿን ቅጠል እየቀቀለች ታበላ ነበር። ከመነሳቱ በፊት ወደ ንብረት ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ጓድ፣ ጣርማ በር አሁን ውርጩ ከባድ ነው» አለው። «ይቺ መኪና በተራ ውሃ ነው የምትሄደው። ትንሽ አንቲፍሪዝ ቢፈለግልኝ።»

«ለግንባር መኪና ያልተገኘ ላንተ ከየት ይምጣ?» አለ ኃላፊው፣ ቀና ሳይል። «ቦርከና መቼ ደረቀ? ቅዳና ጨምር።»

ከረዳቱ ከሙሳ ጋር ሲሄዱ በሰላም አለፉ። ሲመለሱ ግን ናዝሬት መጋዘኑ በር ላይ ወረፋ ይዟቸው ዘገዩ፤ ጣርማ በር የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። ጀይሉ በቀን አልፎት ከደብረ ሲና በታች ቆላው ላይ ሊያድር ነበር ሐሳቡ። ኬላው ላይ ያሉት ወታደሮች ግን ከዚህ ሰዓት በኋላ መኪና አያልፍም አሉ። ለመናቸው። «ተራ ውሃ ነው የያዝኩት፤ እዚህ ካደርኩ ይረጋብኛል» አላቸው። አልሰሙትም።

ከሙሳ ጋር ሆኖ የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሰ። ከሞተሩ ሥር ያለችው ማፍሰሻ ግን ጥቂት አንጠባጥባ ቆመች። በሽቦ ወጋት። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ሽቦው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ በላይ ውሃ አልወጣም። ሙሳ «ባዶ ሆኗል ማለት ነው» አለ፤ ጀይሉም ልቡ እየፈራ ሞተሩን በሸራና በጆንያ አለበሰው።

ሲነጋ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ከሻይ ቤት ሙቅ ውሃ ገዝተው ቀስ አድርገው ጨመሩ። ውሃው በላይ ሲገባ በጎን ይወርድ ጀመር። ዝገትና ደለል ማፍሰሻዋን ደፍኖ ያስቀረው ውሃ ሲረጋ አብጦ የሞተሩን ብረት ሰንጥቆታል።

ጀይሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ» አለ።

«አያ ጀይሉ፣ ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስና እናሠራት» አለ ሙሳ።

«ያን ሁሉ ሜዳ በምን ትሄዳለች? መለዋወጫውስ የት አለ? እዚህ ከቆምን ወር እንቆማለን። ወደ ፊት ቁልቁለት ነው፤ በሳሙና ደፍነን እንሞክር።»

ስንጥቁን በልብስ ሳሙና ደፈኑት፤ ጨርቅም አሰሩበት። እስከ ደብረ ሲና ያዘ። እዚያ ውሃ ሞልተው ሸዋ ሮቢት ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ግን ፀሐዩ በረታ፤ ሳሙናው ቀለጠ፤ የያዙት ጀሪካንም አለቀ። ጀወሃ ጋ እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፍኖት ቆሙ። ሙሳ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደና ባዶውን ተመለሰ። አሸዋ ብቻ ነው።

ከማዶ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ፣ ሕፃን በደረቷ አቅፋ መጣች። ዓዲላ ትባላለች፤ ስሟን ያወቁት በኋላ ነው። ጀይሉ ሮጦ ደረሰባት።

«አካም ጅርታ፣ እህቴ?» አለ በኦሮምኛ፣ እንዴት ነሽ ሲላት።

«ነጋ። ማል ታኤ?» አለች፤ ደህና ነኝ፣ ምን ሆነ ማለቷ ነው።

«መኪናዬ ውሃ ጨረሰች። በአላህ፣ ከእንስራሽ ስጪኝ።»

ሴትዮዋ ቆማ አየችው። «ይሄን ሳይነጋ ወጥቼ ነው የቀዳሁት። መኪና ይጠጣው?»

«እህል ነው የጫንኩት። ለጨፋ ሰው ነው። ልጆች ይጠብቃሉ።»

«ይሄስ ልጅ አይደለም?» አለችና የሕፃኑን ፊት ገለጠችለት። የአሮጌ ሰው ፊት ነበር። «እህል ከሆነ ስጠኝና ውሃውን ውሰድ።»

ጆንያዎቹ እንደታሸጉ መድረስ ነበረባቸው። የእርዳታ እህል የነካ ምን እንደሚደርስበት በየስብሰባው ተነግሯል። ጀይሉ ግን ካራውን አውጥቶ መኪናው ላይ ወጣ።

«አያ ጀይሉ፣ ተው! ይረሽኑናል!»

«ቆመንስ ማን ይምረናል?»

ጆንያውን ቀደደው። ዓዲላ ሻሿን ዘርግታ በቆሎውን ተቀበለች፤ ጥሬውን አንድ አንድ ፍሬ እያነሳች ታኝክና ለሕፃኑ በከንፈሯ ትሰጠው ጀመር። ሞተሩ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀው እንስራውን ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጡት። ውሃው ሲወርድ እያየች አለቀሰች።

ሰንበቴን አለፉ፤ ኤፌሶንን አለፉ። በየመንደሩ የተገኘውን ጭላጭ እየለመኑ ጨመሩ። ካራቆሬ ላይ ዳገቱን ሲጀምሩ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ነክሶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የሚዞር ነገር አልነበረም። ከሚሴ ቅርብ ነው፤ ጀይሉ መሪውን እንደያዘ ግንባሩን ደፍቶ ቀረ።

የመጡት ሚሊሻዎች መጀመሪያ ያዩት የተቀደደውን ጆንያ ነው። ሞተሩ ተሰንጥቋል፤ እህል ጎድሏል። የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። ሙሳን ለቀው ጀይሉን አሰሩት። በቆሎው በሌላ መኪና ተጭኖ ሄደ፤ ከሚሴ ግን አልገባም። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው የለም። ንብረት ኃላፊው ሲጠየቅ ሹፌሩ አንድም ቀን አንቲፍሪዝ ጠይቆኝ አያውቅም አለ።

የኡምኩልሱም ትንሹ ልጅ የሞተው በዚያው ወር ነው። ለጀይሉ እስር ቤት ድረስ ሄዳ የነገረችው ሚስቱ ረቢአ ናት። ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ አብረውት የታሰሩት ያዙት። ምግብ መቀበልም ተወ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል፤ ሌላ ነገር አይናገርም።

ረቢአ ሙሳ የነገራትን፣ ያቺን ውሃ የሰጠች ሴት ልትፈልግ ተነሳች። በእግሯ እስከ ጀወሃ ወረደች፤ ሰዎቹ መንደራቸውን ጥለው ወደ መጠለያ ሄደዋል። መጠለያው ውስጥ በየድንኳኑ እየገባች «ውሃ ለሹፌር የሰጠች ሴት» እያለች ጠየቀች። ዓዲላን ያገኘቻት ብቻዋን ነው። ሕፃኑ ሞቷል።

«ያ እህል ልጄን ጥቂት ቀን አቆየልኝ» አለች ዓዲላ። «ለባልሽ ምስክር ልሁን?»

«ያስሩሻል።»

«ምኔን ይወስዱብኛል?»

ከሚሴ መጥታ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ቆመች። ሰብሳቢው «የሕዝብ እህል በልተሻል ማለት ነው?» አላት።

«አዎ፣ በላሁ። ልጄም በላ። ሹፌሩ ግን አልበላም። ከንፈሩ ደርቆ ደም ያወጣ ነበር፤ ከሰጠሁት ውሃ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጠጣም፤ ሁሉንም ለብረቱ ነው የሰጠው።»

ጀይሉን ከመረሸን አተረፈችው እንጂ አላስፈታችውም። ጀይሉ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ነው የተለቀቀው። መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም፤ ጥፋት አልተገኘብህም ያለውም የለም።

ዓዲላ ወደ ጀወሃ አልተመለሰችም። የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ረቢአ ቤት ቀረች፤ ሁለቱ ሴቶች የሰው ማሽላ እያረሙ ኖሩ። ጀይሉ ሲወጣ ደጁ ላይ የተቀበለችው እሷ ናት። «አብሽር፣ ወንድሜ። እንኳን አላህ አወጣህ» አለችው። እሱ ልጇ የት እንዳለ በዓይኑ ፈለገ። አጥቶት ወደ እሷ ሲመለከት አንገቷን ደፋች። ጀይሉም እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጠ፤ ረቢአና ዓዲላ በግራና በቀኝ ደግፈው አስገቡት።